መስተዋቱን የሰነጠቀው ማን ነው?

ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ኪራይ ነው። የዛሬው ደብዳቤ ግን ስለ እጅ ሰዓት ነው። «ይህ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?» እንዳትሉ። ገና ሁለተኛውን ገጽ ሳልጨርስ የሰዓቱ ጉዳይ የወንድምና የእኅት፣ አልፎም የእውነትና የሐሰት ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት።

ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይገለጽ የጠየቀች የአዲስ አበባ እኅታችን ናት። ስቶክሆልም የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ለገና በዓል ሲመጣ ከዚያው ከስዊድን የገዛውን ስማርት ሰዓት አመጣላት። ሰባት ወር ያህል በደስታ አሠረችው። ከዚያ በኋላ በመስተዋቱ ግራ ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ታየች። በሦስት ሳምንት ውስጥ መስመሯ ጠርዝ ጠርዙን ይዛ ግማሹን ዞረች፤ በዚያ በኩል ጣት ሲነካውም ሰዓቱ አልሰማ አለ። በመንገደኛ እጅ ወደ ወንድሟ ተላከ፤ እርሱም ወደ ገዛበት ሱቅ ወሰደው። ሱቁ ለጥገና ክፍል ካሳለፈው በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ ውጫዊ ምት ደርሶበታል፣ ዋስትናው አይሸፍነውም፣ ይሠራልኝ ካሉ ይክፈሉ። የተጠየቀው ገንዘብ ደግሞ ጥቂት ቢጨመርበት አዲስ ሰዓት የሚገዛ ነው።

እኅታችንን እንቅልፍ የነሣት ግን ገንዘቡ አይደለም። ሰዓቱ ከመሰንጠቁ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ዕቃ ስታጥብ ከውኃ ቧንቧው ጋር ተጋጭቶባት ነበር። ያን ጊዜ አገላብጣ አይታዋለች፤ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። አሁን ወንድሟ ለሱቁ መከራከሪያ ሲጽፍ «ይህ ሰዓት ከምንም ነገር ጋር ተጋጭቶ አያውቅም» ሊል ነው። ስለ ቧንቧው ብትነግረው «እሱን ካነሣን አለቀልን፤ ዝም በይ» አላት። እንግዲህ ዝም ብትል ዋሸች ማለት ነው? ብትናገርስ የወንድሟን ገንዘብ አጠፋች ማለት ነው? ጥያቄዋ ይህ ነው።

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ስለ መስተዋቱ ጥቂት እንነጋገር፤ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና።

የስማርት ሰዓት ፊት እንደ ድሮው ሰዓት አንድ ብርጭቆ ብቻ አይደለም። ከላይ ጠንካራ መስተዋት፣ ከሥሩ የጣትን ንክኪ የሚያውቅ ስስ ሽፋን፣ ከዚያም ሥር ብርሃን የሚሰጠው ስክሪን አለ፤ ሁሉም እንደ አንድ ሆነው ተጣብቀዋል። ስለዚህ የተሰነጠቀው ላይኛው መስተዋት ብቻ ቢሆንም የሚቀየረው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ነው። እንዲያውም አንዳንድ አምራቾች ሰዓቱን ራሱን በሌላ ይለውጡታል እንጂ አይከፍቱትም። የጥገናው ዋጋ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ፒክስል ዎች የተባለውን የመጀመሪያ ሰዓቱን በ350 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ ስክሪኑ ቢሰበር የሚጠገንበትን መንገድ ጭራሽ አላዘጋጀም ነበር፤ ይህንንም በ2023 ራሱ ለጋዜጠኞች አረጋግጧል። ስክሪኑም ባትሪውም ተፈትቶ እንዲቀየር ተደርጎ የተሠራው በ2025 የወጣው አራተኛው ሞዴል ነው። በ350 ዶላር የተገዛ ዕቃ የሚጠግነው ሲጠፋ! የእኛ አገር ሰዓት ሠሪዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

መስተዋት በጠፍጣፋው መሐሉ ላይ ብርቱ ቢሆንም በጠርዙ በኩል ደካማ ነው። ለዓይን እንዲያምር ጠርዙ ክብ ተደርጎ ሲታጠፍ ደግሞ ለጉዳት ይበልጥ ይጋለጣል። የሚሰነጠቀውም በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ይወድቃል ወይም ይመታል። ሁለተኛው ከፋብሪካው ጀምሮ ያለ ጉድለት ነው፤ ይኼ በመጀመሪያው ቀን አይታይም፣ ከወራት በኋላ ብቅ ይላል። ሦስተኛው ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ስክሪኑን ወደ ላይ ሲገፋው ነው። ወደዚህኛው በኋላ እመለሳለሁ፤ አደጋ አለውና።

«መስተዋት ሳይመታ ይሰነጠቃል እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አዎን፣ ይሰነጠቃል። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ የአፕል ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በኩባንያው ላይ ክስ ቀረበ። የሰዓቱ ስክሪን ያለ ባለቤቱ ጥፋት ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል፣ ኩባንያው ግን ጉዳቱን በባለቤቱ ያሳብባል የሚል ነበር። በነሐሴ ወር 2019 መጨረሻ ላይ ደግሞ ኩባንያው ራሱ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። ሲሪስ 2 እና ሲሪስ 3 ከተባሉት ሰዓቶቹ መካከል የአሉሚኒየም አካል ባላቸው ላይ፣ አልፎ አልፎ፣ በመስተዋቱ ክብ ጠርዝ ላይ ስንጥቅ ሊወጣ እንደሚችል ገለጸ። ስንጥቁ በአንድ ወገን ጀምሮ ዙሪያውን ሊቀጥል እንደሚችልም ጨመረ። እንዲህ የሆነባቸውን ሰዓቶች ከተሸጡበት ቀን አንሥቶ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ያለ ክፍያ ስክሪናቸውን ሊቀይር ቃል ገባ። የጊዜ ገደቡ ካለፈ ቆይቷል፤ ዛሬ ያንን ሰዓት ይዞ የሚሄድ ሰው በነጻ አይሠራለትም። መስተዋታቸው ከሰንፔር የሆነው የስቴንለስ ስቲል ሰዓቶችም በዚያ አልተካተቱም።

ይህን ያነሣሁት የእኅታችን ሰዓት የግድ የፋብሪካ ጉድለት አለበት ለማለት አይደለም። ሰዓቱን አላየሁትም። ነገር ግን አንድ ጠጋኝ «ይህ በምት ነው» ስላለ ነገሩ ተዘጋ ማለት እንዳልሆነ ያሳያል። ከማስታወቂያው በፊት በራሳቸው ጥፋት እንደሰበሩት ተነግሯቸው፣ ከኪሳቸው ከፍለው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች ነበሩ።

በሌላ በኩል የጠጋኙንም ወገን እናስብለት። ይህ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ «አልወደቀም፣ አልተመታም፣ ተኝቼ ስነሣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» ሲባል ይውላል። ይህ ሲባል ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰዓት ማዕዘኑ ጎድጉዷል፣ ጎኑ ላይ የአስፋልት ጭረት አለበት። በምት የተሰነጠቀ መስተዋት አብዛኛውን ጊዜ ምቱ ያረፈበትን ነጥብ ያሳያል፤ ከዚያ ትንሽ ጉድጓድ ወይም ፍንጣሪ ተነሥቶ መስመሮቹ እንደ ሸረሪት ድር ይበተናሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ይለያል። እንግዲህ ይህ ጠጋኝ በቀን ሃያ ጊዜ ከተዋሸ፣ ሃያ አንደኛዋን እውነተኛ ሴት ማመን ቢያቅተው ምን ይደንቃል? የእኅታችንን ነገር ያከበደው ሱቁ ብቻ ሳይሆን ከእርሷ በፊት ተሰልፈው የነበሩት ጭምር ናቸው።

አሁን ወደ መልሱ። እኅቴ፣ ስለ ቧንቧው ይነገር። ወንድምሽም ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል፤ ፍርሃቱ የመነጨው ሕጉን ካለማወቅ ነውና።

ወንድምሽ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ የቆጠራቸው ይመስለኛል። አንዱ አምራቹ በፈቃዱ የሚሰጠው ዋስትና ነው፤ ብዙዎቻችን ጋራንቲ የምንለው ማለት ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ሲሆን በአደጋ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍንም፤ ወሰኑንም የሚያወጣው አምራቹ ነው። ሌላው ግን ሻጩ በሕግ ያለበት ኃላፊነት ነው። ይህንን ሻጩ በራሱ ወረቀት ሊያጠበው አይችልም። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሚሠራው የሸማቾች ግዢ ሕግ መሠረት ገዢ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ስለ ጉድለት ማመልከት ይችላል። ጉድለቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከታየ ደግሞ ዕቃው ሲሸጥም እንደነበረበት ይገመታል። አይደለም የሚለው ሻጩ ከሆነ ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። አንቺ «አልመታሁትም» ብለሽ የማስረዳት ሸክም የለብሽም ማለት ነው። ከሁለት ወር በፊት የደረሰና ምልክት ያልተወ ግጭት መናገር ይህን መብት አያጠፋውም። ሱቁ ስንጥቁ ከዚያ ግጭት መምጣቱን ማሳየት ይኖርበታል።

አሁን ደግሞ ሌላውን መንገድ እንየው። ወንድምሽ «ከምንም ጋር ተጋጭቶ አያውቅም» ብሎ ጻፈ እንበል። ጠጋኙ በሰዓቱ ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ካገኘ ያ አንድ ዐረፍተ ነገር የቀረውን ደብዳቤ ሁሉ ይዞት ይወድቃል። እውነት የሆነው ነገርሽም አብሮ ይጣላል። ደግሞ የተጻፈው በእርሱ ስም ይሁን እንጂ ቃሉ ያንቺ ነው፤ ሰዓቱን ያሠርሽው አንቺ ነሽና። ወንድምሽ ያላየውን ነገር እንዲምልልሽ አታድርጊው።

ይሁን እንጂ እውነት መናገር ማለት ያላወቁትን መናዘዝ ማለት አይደለም። አንዳንድ የዋሆች ወገኖቻችን በዚህ በኩል ይሳሳታሉ። «ምናልባት ያን ቀን ይሆናል የተሰነጠቀው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ራሳቸው ላይ ይፈርዳሉ። አንቺ ያየሽው ግጭቱን ነው፤ ያየሽው መስተዋቱ ያን ቀን ደህና እንደነበረ ነው፤ ያየሽው ከሁለት ወር በኋላ መስመሯ ከጠርዝ መጀመሯን ነው። ምክንያቱን አላየሽም። ስለዚህ ያየሽውን ጻፊ፣ ምክንያቱን ለባለሙያ ተዪው።

ደብዳቤው እንዲህ ያለ ቢሆን ይበቃል፦ «ሰዓቱን በዚህ ቀን ከእናንተ ገዛሁ፤ ደረሰኙና የመለያ ቁጥሩ ተያይዟል። የምትጠቀምበት እኅቴ ናት። በዚህ ወር ከውኃ ቧንቧ ጋር አንድ ጊዜ ተጋጭቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ጭረትም ስንጥቅም አልታየበትም። በዚህ ቀን በግራ ጠርዝ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታየ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠርዙን ተከትሎ ቀጠለ፤ ፎቶዎቹን ተመልከቱ። ምት የሰነጠቀው ነው ካላችሁ ምቱ ያረፈበትን ቦታ የሚያሳይ ፎቶና የባለሙያውን ማብራሪያ በጽሑፍ ላኩልኝ። ጉድለቱ በሕግ መሠረት እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ።» ከዚህ በላይ ማማረር አያስፈልግም። ስድብ ደግሞ ፈጽሞ አይግባበት።

ማመልከት ያለበት ወንድምሽ ነው፤ ውሉ የእርሱና የሱቁ ነውና። ሱቁ «ወደ አምራቹ ሂዱ» ቢል አይቀበል። ጊዜውንም አያባክን፤ በስዊድን ሕግ ጉድለቱ በታወቀ በሁለት ወር ውስጥ የቀረበ አቤቱታ ዘገየ አይባልም። ሱቁ እምቢ ካለ ያለ ክፍያ ጉዳዩን የሚመለከት የሸማቾች አቤቱታ ቦርድ አለ። በጽሑፍ ይቀርብለታል፣ በጽሑፍ ይወስናል። ውሳኔው አስገዳጅ ባይሆንም አብዛኞቹ ነጋዴዎች ያከብሩታል። ይህ ቦርድ ሰዓቱን አይከፍተውም፣ አይመረምረውም፤ የሚያነበው የሁለቱን ወገን ወረቀት ነው። ቀን የተጻፈበት ፎቶና የማይለዋወጥ ቃል ዋጋ የሚኖራቸው እዚያ ጋ ነው።

ሌላ አገር ዘመድ ላላችሁ አንባቢያን በአጭሩ ልጨምር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሻጩ ኃላፊነት ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፤ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በሻጩ ላይ የሚቆየው ቢያንስ አንድ ዓመት ሲሆን እንደ ስዊድን ያሉት ያረዝሙታል። በእንግሊዝ በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ በመጀመሪያው 30 ቀን ጉድለት ያለበትን ዕቃ መልሶ ገንዘብ ለመቀበል ይፈቅዳል፤ እስከ ስድስት ወር ደግሞ የሚያስረዳው ሻጩ ነው። በአሜሪካ ነገሩ ይበልጥ በአምራቹ ዋስትና ላይ ይንጠለጠላል።

በአገራችንስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ እንዲሆን ያዛል። ገዢውን ደግሞ ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዘዋል። ችግሩ ያለው ሕጉ ላይ ሳይሆን ደረሰኙ ላይ ነው። «ጋራንቲ አለው፣ ምንም ከሆነ አምጪው» የሚል የአፍ ቃል ይዘን እንወጣለን። ከሦስት ወር በኋላ ስንመለስ የሸጠልን ልጅ ሥራ ቀይሯል። የሰዓቱ የመለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ፣ የጋራንቲው ጊዜም በወረቀት ላይ ይጠየቅ። ከውጭ በስጦታ የሚመጣ ሰዓት ከሆነ የግዢ ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ መላክ ለሰጪው ነውር አይደለም፤ ዋጋውን እንዳናይ ከፈለገ በጣቱ ይሸፍነው። ብዙ አምራቾች ዋስትናቸውን የሚሰጡት ሰዓቱ በተሸጠበት አገር ብቻ ስለሆነ አዲስ አበባ ሲበላሽ መፍትሔው ያለው ዱባይ ወይም ፍራንክፈርት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይህን ሁሉ ደብዳቤ ከመጻፍ እዚሁ ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ ማስቀየር አይቀልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ዋስትናው ካለቀና የሚከራከሩት ከሌለ ይቀላል፤ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች አሉን። ክርክሩ ሳያልቅ ግን ሰዓቱን አታስከፍቱ። አንዴ ከተከፈተ ስንጥቁ እንዴት እንደ ጀመረ የሚመሰክር ነገር ይጠፋል። ሰዓቱ ውኃ እንዳያስገባ ያደረገው ማጣበቂያም ይላቀቃል፤ ዳግመኛ እንደ ፋብሪካው ይመለሳል ብላችሁ አትመኑ።

ከዚህ ቀደም ሌላ ሰው ጠግኖት ከነበረ ግን «በቃ መብቴ ጠፋ» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በአውስትራሊያ አንድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አፕልን 9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቶታል። ምክንያቱ የስልካቸውን ወይም የአይፓዳቸውን ስክሪን ሌላ ቦታ ያስጠገኑ ደንበኞችን መፍትሔ የማግኘት መብት የላችሁም ማለቱ ነበር። በአሜሪካም ከ1975 ጀምሮ ያለው የዋስትና ሕግ አምራቹ «እኔ ጋ ብቻ ካልተጠገነ ዋስትናው ይፈርሳል» እንዳይል ይከለክላል፤ በ2018 የንግድ ኮሚሽኑ ለስድስት ኩባንያዎች በዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ ጽፏል። እርግጥ ሌላው ጠጋኝ ራሱ ያበላሸውን አምራቹ እንዲያስተካክል አይገደድም።

በመጨረሻ ወደ ኋላ ያቆየሁት የባትሪ ጉዳይ። ስክሪኑ ካልተሰነጠቀ ነገር ግን በአንድ ጎን ከፍ ብሎ ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ከፈጠረ፣ ወይም በጠርዙ ብርሃን ከወጣ፣ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። በዚህ ነገር ቀልድ የለም። ጎግል የገዛው ፊትቢት አዮኒክ የተባለውን ሰዓቱን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ከሰዎች እጅ ሰብስቧል። በአሜሪካ ብቻ ባትሪው ከመጠን በላይ እንደሚግል የሚገልጹ 115 ሪፖርቶች ቀርበው 78ቱ የመቃጠል ጉዳት የደረሰባቸው ነበሩ። ለባለቤቶቹ 299 ዶላር ተመልሶላቸዋል፤ በጥር 2025 ደግሞ ኩባንያው አደጋውን በጊዜው ባለማሳወቁ 12.25 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። አፕልም ያበጡ ባትሪዎችን በሚመለከት በቀረበበት ሌላ ክስ ጥፋቱን ሳያምን 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታርቋል።

ስለዚህ ያበጠ ሰዓት ካያችሁ ከእጃችሁ አውልቁት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ስክሪኑን በጣት ተጭናችሁ ልመልሰው አትበሉ። ከልጆችና ከአልጋ ልብስ አርቃችሁ እሳት በማይይዝ ነገር ላይ አስቀምጡት፤ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አትጣሉት። ፎቶ አንሡና ለሻጩ ጻፉ። የእኅታችን ሰዓት የተሰነጠቀ ብቻ ስለነበር በመንገደኛ እጅ መሄዱ ችግር አልነበረውም። ያበጠ ወይም የተበላሸ ባትሪ ያለበትን ሰዓት ግን በአውሮፕላን መላክ የተከለከለ ነው፤ ዕቃችሁን ሊያደርስላችሁ ፈቃደኛ የሆነ ወንድም ሻንጣ ውስጥ ደብቃችሁ እንዳትከቱት።